ለሦስት የተካፈለው ቁጥር

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበር።

ምስጥ አገጩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። «ምስጥ» የሚለውን ስም ያወጡለት ከድንበር ማዶ የላኩት ሰዎች ናቸው። በዚህ ከተማ የሚታወቀው በፎቶኮፒ ማሽን ጠጋኝነቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጦሩን የምስጢር ኮድ ቢሮ ማሽኖች ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ዛሬ የኮዱን ቁልፍ የያዘው ፍላሽ በመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ፣ የቀለም ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀብሯል። ምላጩን ለያዘው ፀጉር አስተካካይ አስረክቦ መሄድ ብቻ ነው የቀረው።

«ስልክህን ብትሰጠኝ ሌላ ጊዜ ደውዬ እመጣለሁ» አለ ምስጥ።

«ያዝ። ሰባ ሦስት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት።»

ዘጠና ሁለት?

ዘጠና አንድ መሆን ነበረበት።

የመተዋወቂያ ቁጥሩን የመረጡት ጋሼ ናቸው፤ ቁልፉን ከቢሮው ያወጡለት አዛውንት የሒሳብ ሰው። 73,939,133። «ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም» ብለውት ነበር፣ ማሽኑን ከፍቶ ሳለ አጠገቡ ጎንበስ ብለው። «የመጨረሻውን አሃዝ ቁረጥ፤ የቀረውም አይካፈልም። አሁንም ቁረጥ፤ እንደዚያው ነው። ሰባት ብቻውን እስኪቀር ድረስ። በዚህ ጠባዩ የሚበልጠው ቁጥር የለም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከያዙኝ ግን ለሦስት የሚካፈል እሰጣቸዋለሁ። አሃዞቹን ደምር፣ ይገባሃል።»

«አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» አለ ምስጥ።

ሰውየው ደገመለት። ያው ነው።

ደመረው። ሠላሳ ዘጠኝ።

ለሦስት ይካፈላል።

ጋሼ ተይዘዋል።

«ዕቃው ኪሴ ውስጥ ነው። እጄን ላውጣ።»

ያወጣው የማሽን ፕሮግራም ያለበት ተራ ፍላሽ ነበር። ሰውየው ምላጩን አንስቶ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ምስጥ ሆዱን በክርኑ መታው፤ ወንበሩን ገለበጠበት፤ ቦርሳውን አፈፍ አድርጎ በጓሮ በር ወጣ። አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ሊደርቁ በተሰጡ አንሶላዎች መሀል ሮጠ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ።

አልዞረም።

በማግስቱ ድንበር ተሻግሮ ፍላሹን ለአለቃው ሰጠ። አለቃው አገላብጦ አየውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«እጅህ ይባረክ። ሻይ ይምጣልህ?»

«ጋሼን ማን አሳልፎ ሰጣቸው?»

አለቃው መነጽሩን አወለቀ። «እዚያ ከሳቸው በላይ የተቀመጠ ሰው አለን። ሊጠረጥሩት ሲሉ ሌላ የሚጠረጠር ሰጠናቸው። አንተ ቀድመህ የምትወጣ መስሎን ነበር። እነሱ ቸኮሉ።»

«እናወጣዎታለን ብለን ቃል ገብተን ነበርኮ።»

«ቃል የገባኸው አንተ ነህ።»

አዲስ መታወቂያ ሰጡት፤ ወደ ሩቅ ከተማ ሂድ አሉት። ከሽማግሌው ቤተሰብ ጋር እንዳይነጋገርም አስጠነቀቁት።

አውቶቡስ ተራው ውስጥ የጋሼን ሴት ልጅ አያት። ቀደም ብላ ነበር ድንበሩን የተሻገረችው። ጋሼ ፎቶዋን ደጋግመው አሳይተውታል፤ ግንባሯ የአባቷ ነው። የወንድ ካፖርት በክንዷ ይዛ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች።

ወደ እሱ መጣች።

«ወንድሜ፣ ከድንበር የሚመጣው ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«ሌላ አለ?»

ምስጥ ካፖርቱን አየ።

«የነገ አለ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ካፖርቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ምስጥ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ረዳቱ ተሳፋሪ እየመዘገበ ደረሰበት።

«ስም?»

አዲሱን ስም ነገረው።