ጀርባሽን ስጪው

«በል እንጂ አምባሳደር! ፊርማ ነው የምትጠብቀው?»

ፌንጣ የሚሏት ልጅ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ከግቢው ጥግ፣ ከቧንቧው አጠገብ ተገትራለች። ውሻው ሽቅብ ያያታል። ጆሮዎቹን አጥፏል፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቋል፤ የመጣበትን ጉዳይ ግን ጭራሽ አላነሳም።

አምባሳደር ብላ ስም ያወጣችለት እሷው ናት። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ይጎበኛል፣ አጥሩን ያሸታል፣ ሣሩን በአድናቆት ይመለከታል። ከዚያ በክብር ወደ ቤት ይመለስና ዋናውን ሥራ ሶፋው ጀርባ ይፈጽማል። የተዘጋ መጋዘን በር ላይ ታስሮ ያገኘችው የእንስሳት ሐኪም ስታስረክባት፣ «ሰው ይፈራል፤ ብዙ ተደብድቧል መሰለኝ» ብላ ነበር። ፌንጣ ደግሞ «እኔ ጋ ሳምንት አይፈጅበትም» ብላ ጉራዋን ነዛች። ይኸው ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ጉራውም ሶፋው ጀርባ ተሸንቶበታል።

ዛሬ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። አክስቷ እታለም ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤቱ የፊት ክፍል የስፌት ክፍሏ ነው። ውሻው የገባ ዕለት ሕጓን ተናግራለች። «ሶፋዬ ግድ የለም፣ ምንጣፉንም አጥበዋለሁ። የደንበኛ ጨርቅ የነካ ቀን ግን ወደ ሐኪሟ ይመለሳል።»

ዛሬ ጠዋት ተነካ። ገና ያልተዘመዘመ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ጫፉ ከወንበር ላይ ወደ ወለል ወርዶ ነበር። ፌንጣ ዓይኗን ሳታሽ «ውሃ ደፍቼበት ነው» አለች። እታለም መጋረጃውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ «እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ። የእታለም እሺ ከሌላ ሰው ቁጣ ይብሳል።

«አንቺ ልጅ!» እታለም አሁን በመስኮቱ ብቅ አለች። «እንደ ፈተና ጠባቂ ተገትረሽበት በየት በኩል ይውጣለት?»

«ታዲያ ካላየሁት በምን አውቃለሁ?»

«ማየትሽ አይደል ያስፈራው! ሰው እያየው ሲሸና ዱላ የቀመሰ ነው። ጀርባሽን ስጪው። ያላየሽ ምሰይ።»

«ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

እታለም ከመስኮቱ ጠፋች፣ ወዲያው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ተነሣ። ጠቅጠቅጠቅጠቅ።

ፌንጣ ዞረች። አጥሩ ላይ ያለ አንድ ዝገታም ሚስማር እያየች ማፏጨት ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ ፉጨቷ ተቋረጠ።

ድምፁ ልክ አይደለም። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ጆሮ አይሸወድም፤ ከሥሩ ጨርቅ ያለው መኪና ድምፁ ወፍራም፣ የታፈነ ነው። ይሄኛው ደረቅ ነው፣ ይንቋቋል። መኪናው ባዶውን እየሮጠ ነው! ፌንጣ መርገጫውን እንዲያው ለጨዋታ ስትረግጥ፣ «ባዶውን አታስሩጪው፣ ጨርቅ የሚስበው ጥርሱ ያልቃል!» እያለች ስንቴ የጮኸችባት እታለም ራሷ ናት።

ይህን ደረቅ ድምፅ ደግሞ ታውቀዋለች።

ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ አርፋ፣ ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ እዚህ ቤት የገባች ሰሞን፣ ጠዋት ጠዋት አንሶላዋ ርሶ ትነቃ ነበር። ጠቅልላ ብብቷ ሥር ትወሽቀውና ግድግዳ ለግድግዳ እየተሳበች፣ በስፌት ክፍሉ በር አልፋ ወደ ቧንቧው። እታለም ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ መኪናው ላይ አቀርቅራ ነበር። ጠቅጠቅጠቅ። ማታ አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎ ይጠብቃታል፤ ማንም ምንም አይልም። «ደግነቱ አላየችኝም» ትል ነበር ትንሿ ፌንጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ዕድል መስሏት!

ከኋላዋ፣ ሣሩ ላይ፣ ፍስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ረጅም ነበር፤ ወር ሙሉ የተጠራቀመ ይመስላል። መዝለል አማራት፣ መጮህ አማራት። ከንፈሯን ነክሳ ሚስማሩን አየች። ሚስማሩ ደበዘዘባት።

ስትገባ መርፌው ላይ ክር አልነበረም። መጋረጃው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«እታለም… መጋረጃው ላይ የፈሰሰው ውሃ አይደለም።»

መኪናው ቆመ። «ውሃ መች እንዲህ ይሸታል?»

«ታዲያ ውሻውን ለምን አልመለስሽውም?»

እታለም ፊቷን አላዞረችም። «አንቺንስ መለስኩሽ?»

ፌንጣ ከቅርጫቱ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አንሥታ፣ ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናውን እግር ከፍ አድርጋ ከሥሩ አስገባችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጥርሱ እንዳያልቅ ነዋ።»

የእታለም ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ትሳቅ ታልቅስ ከጀርባ አይታወቅም፤ ፌንጣም ዞራ አላየችም። መጋረጃውን አነሣች። ብብቷ ሥር አልወሸቀችውም፤ በሁለት እጇ ታቅፋው በሩን በእግሯ ከፈተች።

«ደንበኛዋ ስትመጣ እኔ ነኝ የምነግራት» አለች።

አምባሳደር ጅራቱን አቁሞ እስከ ቧንቧው ተከተላት። ከኋላቸው የመኪናው ድምፅ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ወፍራም ነው።