ጊዜዎ አልቋል

ሲስተር በዚያ ክሊኒክ ስትሠራ ከበሽተኛ ጋር ተጣልታ አታውቅም። ከኮምፒውተሩ ጋር ግን ዓይንና ናጫ ነበሩ።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከወገባቸው ሕመም ጀምረው ስለ እንቅልፍ ማጣታቸው፣ ስለ ሟች ባላቸው፣ ስለ ልባቸው ድክም ድክም ማለት በዝግታ ሲነግሯት፣ እጇን አጣጥፋ ስትሰማ ቆየች። በበሽተኛ መዝገቡ ገጽ ላይ ልትጽፍ ስትል ስክሪኑ ነጣ። ቀድሞ የጻፈችው ሁሉ ድራሹ ጠፍቶ አንድ መስመር ብቻ መጣ፦ «ጊዜዎ አልቋል።»

እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ልጄ... እኔን ነው?» አሉና እንባቸው ዱብ አለ።

ሲስተር ደሟ ፈላ። እሳቸውን አባብላ፣ ደረጃውን እየተንደረደረች ወጥታ የፕሮግራመሩን በር በረገደችው። ሰውየውን ክሊኒኩ ሁሉ «ጥድፊያ» ነው የሚለው፤ ሻይ እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው።

«ጊዜዎ አልቋል ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ... ምነው?»

«ታች አንዲት እናት ሞቴን ነገሩኝ ብለው እያለቀሱ ነው።»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ወርዶ እናትየው እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ፤ እርስዎ ገና ብዙ ይኖራሉ» ሲላቸው ሲስተር ከበሩ ሆና አየችው። ንዴቷ በረደላት። መውደዷም ከዚያ ጀመረ።

ጽሑፉን ያኔውኑ አለዘበው። የገጹ መዘጋት ግን አልቀረም። የኪቦርዱ ቁልፍ ሳይነካ ትንሽ ከቆየ ሰርቨሩ፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ «ሰው የለም» ብሎ እንደሚዘጋው፣ ይህም የበሽተኛ ምስጢር ለአላፊ አግዳሚ እንዳይጋለጥ መሆኑን አስረዳት። እሷ ደግሞ የሥራዋ ግማሹ መስማት እንደሆነ፣ ሰው እየሰማ ቁልፍ እንደማይነካ ብትነግረው ብትነግረው አልገባውም። «አስተካክለዋለሁ» እያለ ይመላለሳል፤ ሲመላለስም ሻይ ይዞላት ይመጣል። ገጹ ሳይስተካከል ሻዩ ተለመደ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ያለ ምንም መግቢያ «አግቢኝ» አላት።

ሲስተር ዝም አለች። ትልቅ ነገር ሲነገራት ውስጧ እስኪደርስ ትሰማዋለች፤ ተፈጥሮዋ ነው። እሱ ጣቶቹን አፍተለተለ፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ «ገባኝ... ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ» ብሎ ተነስቶ ሄደ። እሺታዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄ ለመልቀም እንኳ አልቆየ!

ከዚያ ወዲህ ገጹ ሲበላሽ ሌላ ሰው ይልካል። ስልኳን አያነሳም። «እንደፈለገ ይሁን» ብላ ልትተወው ሞከረች፤ አልሆነላትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ገጹ የጻፈችውን ይዞባት ሲጠፋ ብድግ አለች። በኮምፒውተሩ ይሁን በሰውየው የተናደደችው ራሷም አልለየችው።

«እኔ ዝም ስል የለሁም ማለት ነው?» አለችው የቢሮው በር ላይ ቆማ።

«ሰርቨሩ እኮ...»

«ስለ ሰርቨሩ አላወራሁም።»

ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። «ዝም ስትይ... አልፈለገችኝም ብዬ ነው።»

«እየሰማሁህ ነበር። ትንሽ ብትታገስ እሺ ልልህ ነበር!»

ወንበር ሳበላት፤ ተቀመጠች። እሱም ተቀመጠ። ሰዓቱን አላየም፣ ጣቶቹን አላፍተለተለም፤ ዝም ብሎ ጠበቃት።

«እሺ» አለችው በመጨረሻ። እንባዋ ቀድሟት ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኚያ እናት ለክትትል መጡ። ሲስተር እጇን አጣጥፋ ስትሰማቸው ስክሪኑ እንደ ድሮው አልነጣም። አሁን ሳይዘጋ በፊት ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ይዘጋል፣ የተጻፈውን ግን አይጥልም። ለሌላው ሠራተኛ «አሉ?» ነው የሚለው። የሷ ላይ ግን «አለሽ?» የሚል ብቅ አለ።

እናትየው መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት።

«ደግሞ ማነው አንቺ እያለ የሚጠይቅሽ?»

«ባሌ ሊሆን ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ መልሽለታ!»

ሲስተር «አለሁ» የሚለውን ነካች።