በስልክ የደረሰ መርዶ

የሒሳብ መምህሩ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ቆም አሉ። ከዋናው መንገድ በኩል የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፤ የከተማው ባጃጅ ሁሉ አንድ ቦታ የተሰበሰበ ነው የሚመስለው። ሠርግ ነው እንዳይባል ቀኑ ሐሙስ ነው። ፍቅርተ ስልኳን ከዴስኩ ሥር ከፈተች። ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ ይዞ ይገባል።

«መብረቁ ተገደለ» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ።

መብረቁ በእብናት መንገድ ላይ ፈንጂ የሚቀብሩት፣ ተሳፋሪ አውርደው የሚያግቱት፣ ገበያ መሃል ቦምብ የጣሉት ሰዎች አለቃ ነበር። በደብረ ታቦር አካባቢ አሸባሪ ሲባል ቀድሞ ወደ ሰው አፍ የሚመጣው የእሱ ስም ነው። ስሙ ይሰማል እንጂ ፊቱን ያየ ሰው አልነበረም፤ በሚለቃቸው ቪዲዮዎች ሁሉ በሻሽ ተጠቅልሎ ነው የሚታየው። አሁን ሻሹ ተገፎ፣ ዓይኑ ገርበብ ብሎ፣ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል።

የፍቅርተ አባት ታምራት የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከእብናት ሲመለስ መኪናው ፈንጂ ረገጠ። ከዚያ ወዲህ ፍቅርተ ይህን ቀን ስትመኝ ነው የኖረችው፤ ፎቶውን ስታይም ደስ አላት። ወዲያው «የ9ኛ ለ ልጆች» ወደሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ ላከችውና ከሥሩ «የአባቴ ገዳይ ይኸውላችሁ። እንኳን ደስ ያለን» ብላ ጻፈች። የሚስቅ ፊትም ጨመረችበት።

ተማሪው ደወል ሳይጠብቅ ወጣ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሴቶች እልል ይላሉ፤ አንድ ባለሱቅ ከረሜላ በነጻ ይበትናል። ቃለአብ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ሹራቡን ፊቱ ላይ ጠምጥሞ አስፋልቱ ላይ ተዘረረና ዓይኑን ገርበብ አደረገ። ሰዉ በሳቅ ሞተ፤ ፍቅርተም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቃለአብ ተነስቶ አቧራውን እያራገፈ «ዛሬ የአንቺ ቀን ነው አቦ» አላት። እውነትም የእሷ ቀን መሰላት፤ የማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየመጡ አቀፏት።

ወደ ወፍጮ ቤቱ እየሮጠች ሄደች። እናቷ ገነት እዚያ ነው የምትሠራው፣ እህል እየመዘነች። ዜናው ቀድሞ ደርሷታል። ፍቅርተ አብረው እልል የሚሉ መስሏት ነበር፤ ገነት ግን ዱቄት የለበሰ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «እርግጥ ሞቷል?» ብላ ብቻ ጠየቀች። አዎ ስትባል ራሷን ነቀነቀችና የሚቀጥለውን ሰው ጆንያ ወደ ሚዛኑ ጎተተች። ፍቅርተ ትንሽ ከፋት።

ደስታዋን የሚጋራት ሰው ሲጠፋ ሶስና ትዝ አለቻት። ሶስና ጎረቤቷም፣ የዴስክ ጓደኛዋም ናት። ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ታናሽ እህታቸው ስለወለደች አራስ ለመጠየቅ ጋፋት ሄደዋል፣ ትንሹን ወንድሟን መዝገቡን የሚይዝ የለም። ፍቅርተ መንገድ ላይ ስልኳን ስታይ ሶስና ከግሩፑ ወጥታለች። ይህቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት፣ በስህተት ነክታው ይሆናል ብላ አለፈችው።

መዝገቡ ደጅ ላይ ከቆርቆሮ ጋር ይጫወታል። ሶስና ውስጥ፣ አጭር ዱካ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን የሌላ ሰው ሆኗል። ፍቅርተ ምን ሆንሽ ብላ ሳትጨርስ ሶስና በአገጯ ግድግዳውን አመለከተቻት። እዚያ የታላቅ ወንድሟ የአዳነ ፎቶ ተሰቅሏል። አዳነ ሱዳን ሰሊጥ እርሻ ላይ ይሠራል ይባላል፤ ከአምስት ዓመት በፊት በመተማ በኩል ከሄደ አልተመለሰም። ፍቅርተ ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየችው አታውቅም። ልጅ ሳለ በሬ በቀንዱ ሸርክቶት የግራ ቅንድቡ ለሁለት ተከፍሏል።

ስልኳን ማውጣት አላስፈለጋትም። ያን ቅንድብ ጠዋት በሟቹ ፊት ላይ አይታዋለች።

«በዓመት አንዴ ይደውል ነበር» አለች ሶስና። «እርሻው ላይ ነኝ ነበር የሚለን። እማዬ በየወሩ ጧፍ ታበራለታለች።»

ፍቅርተ ማለት ያለባትን ነገር ስታጣ፣ ማለት የሌለባት ነገር ከአፏ አመለጣት። «አባቴን የገደለው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ። ለአባትሽ ለቅሶ ከጎንሽ ተቀምጬ አልነበር?» ሶስና ቀና ብላ አየቻት። «ብቻ መርዶዬን አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፣ ፍቅርተ። ከሚስቅ ፊት ጋር።»

በዚያ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሌሊቱን መርዶ የሚነገረው ሰው ተኝቶ ይደርና ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። የፍቅርተ አባት የሞተ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ከከሰዓት ጀምሮ አውቆ ነበር፤ እናትና ልጅ ግን እራታቸውን በልተው ተኝተዋል። ሰዎቹ አንዲት ሌሊት አቆይተውላቸው ነበር። ፍቅርተ ያኔ ለምን ደበቁን ብላ ተናድዳለች። አሁን ሶስና ፊት ቆማ ነገሩ ገባት፤ ሲገባት ደግሞ አፈረች፣ ከፋት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ደጅ ወጥታ ፎቶውን ከግሩፑ አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው። ቃለአብ ለሌላ ክፍል ልኮታል፣ ያ ክፍል ለሌላ ልኮታል፤ አንድ የማታውቀው ገጽ ደግሞ «የሹፌሩ ልጅ ደስታዋን ገለጸች» ብሎ ከነጽሑፏ ለጥፎታል። ከሥሩ ሰው ጎበዝ፣ የእኛ ጀግና እያለ ያሞግሳታል። ማንበቡን አቋርጣ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ማታ ሬዲዮው የመብረቁን እውነተኛ ስም ከነአባቱ ጠራው። ወዲያው የእነሶስና ጣሪያ ላይ ድንጋይ አረፈ። ዓርብ ጠዋት ፍቅርተ ክፍል ስትገባ የሶስና መቀመጫ ፊት ለፊት፣ ዴስኩ ላይ፣ «የአሸባሪ እኅት» ተብሎ በጠመኔ ተጽፏል። በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። ቃለአብ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው፤ ከእሷ ጋር በዚህ ነገር መከራከር የሚችል ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ጭንቀቷ ስለ ወይዘሮ ዘነበች ነበር። ጋፋት ያለችው እህታቸው ወሬውን ሰምታ ሬዲዮውን ዘግታለች፤ ለሶስና በስልክ በሹክሹክታ ነግራታለች። አራስ ቤት መርዶ አይነገርምና ከዚያ በላይ ልታደርግ የምትችለው የለም። ቅዳሜ ደግሞ ወይዘሮ ዘነበች ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ በገበያው መሃል አቋርጠው። ገበያተኛው በሙሉ ያን ፎቶ በስልኩ ይዟል። ከመካከላቸው አንዱ አፍንጫቸው ሥር ይደቅነዋል፤ ከሥሩ የፍቅርተ ጽሑፍ አለ።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች መሪጌታ ሙላቴ ዘንድ ሄደች። የሰፈሩን መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሌላ ሰው ሳይቀድም ለወይዘሮ ዘነበች መርዶውን እንዲነግሩ ለመነቻቸው።

«እናቲቱ ምን አጠፉ? ምንም» አሉ። «ግን ልጄ፣ መርዶ ብቻውን የሚነግር ሰው የለም። ሲሰማ ልውደቅ የሚል ሰው ከኋላ የሚይዘው ይፈልጋል። ዛሬ ደጃፍ ለደጃፍ ስዞር ዋልኩ። አንዷ አመመኝ አለች፣ አንዷ ባሌን ልጠይቅ አለች፣ ሌላዋ በሩንም አልከፈተችልኝ። አልፈርድባቸውም፣ የሞተባቸው አሉ።»

«እርስዎስ ይሄዳሉ?»

«እናትሽ ካለች እሄዳለሁ። የታምራትን ቤት ሳልጠይቅ እዚያ ቤት ብቆም፣ ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ? እሷን ጠይቂልኝ። እኔ ፊቷ ቆሜ መጠየቁን አልደፈርኩትም።»

ሶስና ቅዳሜን ሳትጠብቅ እናቷን በዚያው ዓርብ አመሻሹ ላይ፣ ከተማውን በማይነካው የእግር መንገድ እንድታመጣ ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ያለው በገነት እጅ ነው።

ገነት ወጥ እያማሰለች ሰማቻት። ፍቅርተ የመሪጌታን መልእክት ስትነግራት ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ደስ አላለኝም፣ አላዘንኩለትምም» አለች። «ያን ልጅ ከዚህ ሰፈር ሲያድግ አውቀዋለሁ። አባትሽን አጎቴ እያለ ነበር የሚጠራው። ማን እንደሚያልፍ እያወቀ ነው መንገዱ ላይ የቀበረው። እና አሁን ለእናቱ ወግ ማዕረግ ይደረግላት ወይ ብለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ገነት ተመልሳ ማማሰያውን አነሳች። ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ሶስናን ማን ነገራት ብላ ጠየቀች።

«እኔ» አለች ፍቅርተ።

ሁሉንም ነገረቻት፤ ግሩፑን፣ ጽሑፉን፣ የሚስቀውን ፊት፣ ቃለአብ መሬት ላይ ሲጋደም መሳቋን። ሳታለቅስ ልትጨርስ አስባ ነበር፣ አልሆነላትም። ገነት ስልኩን ተቀብላ ያን የማያውቋቸውን ሰዎች ገጽ አየች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

«የአባቴ ብለሽ ነው የጻፍሽው» አለች ቀስ ብላ። «በእሱ ስም።» ታምራት ሰው ተጣላ ከተባለ ሚኒባሱን አቁሞ የሚያስታርቅ፣ በዚህም ከባለንብረቱ ጋር ሁልጊዜ የሚጨቃጨቅ ሰው ነበር። ገነት ስልኩን መለሰችላት።

«እኔ እዚያ ቤት መግባት አልችልም። አልዋሽሽም፣ አልችልም። መሪጌታን ግን ገነት አልከለከለችም በያቸው።»

ፍቅርተ ሄዳ ነገረቻቸው። ሌላ አንድ ሽማግሌ እንዳገኙ፣ የሚይዝ ሰው ግን እንደጠፋ ነገሯት። ልጅ ወደ መርዶ አይወሰድም፤ ይህን እሳቸውም አላሉ፣ እሷም አልጠየቀች። ተመልሳ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች። እናቷን ላለመቀስቀስ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች በሩ ጋ ስትደርስ ገነት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ወዴት ነው አላለቻትም።

«በእጃቸው እንዳትይዣቸው፣ ያመልጡሻል» አለች ገነት። «ከኋላ ሆነሽ በብብታቸው ሥር ነው። ሲከብዱሽ አብረሽ ቁጭ በይ እንጂ አትልቀቂያቸው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች በእነሶስና በር ላይ ቆመው ነበር። መሪጌታ ሲያዩዋት ሊመልሷት አሰቡ መሰል እጃቸውን አነሱ፤ ከዚያ ከኋላዋ ማንም እንደማይመጣ አይተው እጃቸውን አወረዱና መንገድ ለቀቁላት። ሶስና በሩን ከፈተች። ዓይኗ ሌሊቱን እንዳልተከደነ ያስታውቃል። ከፍቅርተ ጋር ተያዩ፤ ይቅርታ ለማለት ጊዜውም አልነበረም፣ ቦታውም አልነበረም።

ወይዘሮ ዘነበች ምድጃው አጠገብ ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር። ቀድመው ያዩት ፍቅርተን ነው። «ፍቅርተ፣ በጠዋት በደህናሽ ነው?» አሉ ፈገግ ብለው። ሐሙስ ዕለት የሆነውን ሰምተው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይሏትም ነበር። ከዚያ ከኋላዋ መሪጌታን አዩ፣ ቀጥሎ ሌላውን ሽማግሌ፣ በለቅሶ ወግ የለበሱትን ነጠላቸውንም አዩ፤ ውኃው ከእጃቸው ላይ እየተንጠባጠበ ቆሙ።

ፍቅርተ ምድጃውን ዞራ ከኋላቸው ቆመች፤ ሁለት እጆቿን በብብታቸው ሥር አሳለፈች፤ መሪጌታም መናገር ጀመሩ።