በሐመሩ ሐ የተጻፈው ሐብታሙ

«ሮጠ!» አለ ባየ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው። «ሐብታሙ ሮጠ እኮ!»

ሦስቱም ላፕቶፑ ላይ አፈጠጡ። ስክሪኑ ላይ ትከሻው የሰፋ፣ ፀጉሩ የተበጠረ ተጫዋች ሁለት ተከላካዮችን አልፎ ኳሷን መረብ ውስጥ ዶላት። ከጭንቅላቱ በላይ «ሀብታሙ» ይላል። ትናንት ይኸው ልጅ ኳስ በነካ ቁጥር በአፍንጫው ይደፋ ነበር።

«ሉሊት፣ ምን አደረግሽው?» አለ ገላው። «ልጁ ሰው ሆነ እኮ!»

«እኔ እንጃ» አለች ሉሊት። በቢቸና ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ እሷ ስለ ጌም ተጠይቃ እንጃ ያለችበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። ይህን የእግር ኳስ ጌም ሞድ ያደረገችው እሷ ናት። ሞድ ማለት ሌላ ሰው ከሠራው ጌም ላይ የራስን ነገር መለጠፍ ነው፤ ሉሊትም የውጭዎቹን ኮከቦች አባርራ የክፍሏን ልጆች አስገባች፤ ስሙንም «ቢቸና ሊግ» አለችው። ፍትሕ እንዳይጓደል ለሁሉም የሚገባውን ሰጠች። ላፕቶፑ የእናቱ ስለሆነ የባየ ፍጥነት ዘጠና አምስት ሆነ። ገላው በእውኑ ዓለም የሌለውን ግራ እግር አገኘ። እሷ አምበል ሆነች።

ሐብታሙ ላፕቶፕ የለውም። ያለው የታላቅ እህቱ ሹራብ ነው። ክፍል ውስጥ ከሉሊት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ስለሚቀመጥ ሹራቡን በደንብ ታውቀዋለች፤ ማሊያ አድርጋም ሳለችለት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ሴት ልብስ በግራ በኩል። አራተኛው ቁልፍ ወልቋል፤ በእሱ ቦታ የተንጠለጠለውን ክር እንኳ አልረሳችም። ፍጥነት፦ አንድ። የማሊያ ቁጥር፦ ዜሮ። ሞዱ ለኳስ ተብሎ ቢጀመርም በሳምንቱ ዋና ሥራው ሙድ መያዝ ሆኖ ነበር።

«ዘጠኝ ተኩል ሆኗል» አለ ባየ ስልኩን እያየ። «አሥር ሰዓት ላይ ና ብዬዋለሁ። ራስህን ታያለህ ስለው ጥርሱ ሁሉ ታየ! ሲደፋ ሲያይ ፊቱን ልቀርፀው ነው። አሁን ይሄን ኮከብ አሳይቼው ምን ልቀርፅ? ደስታውን?»

«ቆይ፣ ምን እንደነካው ልይ።»

«ምን ታያለሽ? የድሮውን መልሺው! ኮፒ አድርጌያለሁ አላልሽም?»

አድርጋለች። ዛሬ የጫኑት የጌሙ አዲስ ቅጂ፣ አፕዴቱ፣ የመጣው ከሞጣ ነው፤ በቢቸና ኔትወርክ ያን የሚያክል ፋይል ማውረድ የጀመረ ተማሪ ሳይጨርስ ይመረቃል። ስለዚህ ቢያዝን የሚባል የሞጣ ልጅ አውርዶ፣ የሞዱንም የስም ዝርዝር ከአዲሱ ጌም ጋር እንዲስማማ አድርጎ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ በፍላሽ ላከላቸው። ሉሊት ግን ዝም ብላ አልጫነችውም። መጀመሪያ የድሮውን ጌም ከነሞዱ በራሷ ፍላሽ ገለበጠች። ቀጥላ አዲሱን ያለ ሞድ ከፍታ ሞከረች። ከዚያ በኋላ ነው ሞዱን ያስገባችው።

«ጌሙን እንደ ሕፃን ታስከትቢዋለሽ» ብሎ ስቆባት ነበር ገላው።

አሁን የስም ዝርዝሩን ከፈተችና ነገሩ ገባት። እሷ «ሐብታሙ» ብላ የጻፈችው በሐመሩ ሐ ነው፤ ልጁ ራሱ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ቢያዝን ስሞቹን እንደገና ሲጽፍ ሀሌታውን ሀ ተጠቀመ። ሲነበቡ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ግን ሲነበብ አይሰማም፤ ፊደሉ ሌላ ከሆነ ሰውየውም ሌላ ነው። በ«ሀብታሙ» ስም የተሳለ ፊት ፈልጎ ቢያጣ፣ ጌሙ ከራሱ መጋዘን አንድ ደህና ልጅ አውጥቶ ስሙን ሰጠው። ፊደሏ ብትታረም ሹራቡም መደፋቱም በአንድ ደቂቃ ይመለሳሉ።

ይህን ለባየ አልነገረችውም። ለሐብታሙ አዝና ቢሆን ጥሩ ነበር። ያሳሰባት ግን ሌላ ነው፤ ሹራቡ ከተመለሰ ማን ሳለው መባሉ አይቀርም፣ መልሱ ደግሞ ፍላሹ ውስጥ አለ። የድሮው ጌም ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «ፊት፣ ማሊያና ቁጥር፦ ሉሊት ባንተአምላክ» ይላል። ሲያምራት የጻፈችው ነው። ቢያዝን ያን ገጽ ስላጠፋባት ጠዋት ስትሰድበው ነበር፤ አሁን ልትመርቀው ምንም አልቀራትም።

በሩ ተንኳኳ።

ሐብታሙ በሸሚዝ ብቻ ገባ። ውጭ ዝናብ ያካፋል፤ ክንዱ ላይ ጠብታ አለ።

«የት ሄደ ሹራብህ?» አለ ገላው፣ እየሳቀ።

ሐብታሙ ክንዱን በእጁ ጠረገና ወደ ላፕቶፑ ቀረበ። ባየ ምርጫ ስላጣ «ና፣ ይኸው አንተ» ብሎ መጫወቻ ጆይስቲኩን ሰጠው፤ ስልኩንም ለማንኛውም ደግኖ ያዘ። ሐብታሙ ተጫወተ። ሮጠ፣ አለፈ፣ አገባ። ከዚያ መጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም።»

«እንዴ! ስምህን አታነብም?»

«በሐመሩ ነው የምጽፈው። ደግሞ ያኛውን አይቸዋለሁ፤ ና ካላችሁኝ በኋላ ፎቶው በቴሌግራም ደርሶኛል። እህቴም አየችው። ከዚያ ወዲህ ሹራቡን አጥባ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ብርድ ይሻልሃል አለችኝ።» ድምፁ አልተለወጠም። «ያችን ክር ከሩቅ ያለ ሰው አያያትም። ማን ነው የሳላት? ይሄን ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

ገላው መሳቁን አቆመ። ባየ ስልኩን አወረደ፤ አፉ ግን ፈጣን ነው።

«ቢያዝን ነው! የሞጣው ልጅ። እኛ ምን እናውቃለን?» አለና ሉሊትን ጠቀሳት።

«ቢያዝን መቼ አየኝ?»

«ለገበያ ይመጣል እኮ! እሱ ደግሞ ሰው ማየት ሥራው ነው። አይደል፣ ሉሊት?»

ሐብታሙ ወደ እሷ ዞረ። «እሱ ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ቢያዝን ሞጣ ነው፤ አይሰማም። አንገቷን ብትነቀንቅ እንኳ ይበቃ ነበር። ሰኞም ሐብታሙ ዴስኳ ላይ እንደተለመደው ከጎኗ ይቀመጣል።

ሉሊት ፍላሹን ከኪሷ አውጥታ ሰካችው።

«ፊደሏን ብቻ አስተካክይለት በቃ፣ እንዲያይ!» አለ ባየ ከትከሻዋ በላይ፤ የተከፈተውን የስም ዝርዝር ገና አሁን ነው ያየው። «ሁሉንም ለምን ትመልሻለሽ?» ከዚያ የመጀመሪያው ገጽ ትዝ ብሎት መሰለ ድምፁ ቀነሰ። «አበድሽ እንዴ? ሰኞ ግቢው ሙሉ ባንቺ ላይ ነው የሚስቀው። እኔ ራሴ ነኝ የማስቅብሽ፤ አውቀሽ ግቢበት።»

«አውቃለሁ» አለች።

አዲሱን ጌም አጠፋችና የድሮውን ከፍላሹ መገልበጥ ጀመረች። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሞላ። ሲያልቅ እጇን ማውሱ ላይ አሳርፋ፣ ሳትከፍተው፣ ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳበች።

«ቅረብ» አለችው ሐብታሙን። «የመጀመሪያው ገጽ ቶሎ ያልፋል።»