በጎሚኒው ላይ ያለው ምልክት

«ከታች ጀምሪ አልኩሽ እኮ! ከላይ ካፈሰስሽው በየት እንደገባ በምን እናውቃለን?» አለ አባቷ ከመኪናዋ ውስጥ ሆኖ።

ምክትል የውሃውን ጎማ ዝቅ አደረገች። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህ ነው። አያቷ ትተዋት የሄዱትን ይህችን አሮጌ መኪና ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ስትፈታና ስትገጥም ነው ያደገችው። «ምክትል» የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ በቤት ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራት የለም።

ዛሬ ግን ምክትል ውጭ ቆማለች። ሁልጊዜ የእሷ በሆነው ቦታ፣ ጋቢና ከአባቷ ጎን፣ ውሃ የሚገባበትን ቦታ አይታ ምልክት ልታደርግ ባትሪና ጠመኔ ይዛ የተቀመጠችው የአክስቷ ልጅ ናት።

የመኪናዋን የፊት መስታወት ዙሪያውን የያዘው ጥቁር የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒው፣ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ቆይቷል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ሹልክ ብሎ ይገባና ጋቢና የተቀመጠ ሰው ጉልበት ላይ ይንጠባጠባል። ጎረቤቶች «ሽጣትና ተገላገል» ሲሉት አባቷ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይስቃል። አሁን ግን ነገሩ ለቀልድ አይመችም። ሰኞ አክስቷ ከሆስፒታል ወጥታ በዚህችው መኪና ጋቢና ተቀምጣ ትመጣለች፤ የተሰበረው እግሯ እስከ ጭኗ በጄሶ ታስሯል፣ ጄሶው ደግሞ ውሃ እንዳይነካው ሐኪሙ አጥብቆ ተናግሯል። ልጅቷ እነምክትል ቤት የመጣችው እናቷ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ነው። ሦስት ሳምንቷ ነው። ወሬ ስለማታበዛ «ዝምታ» ይሏታል።

ያቺው ዝምታ አሁን ትስቃለች። አባቷም ይስቃል። ምክትል ውሃ በሚወርድበት መስታወት በኩል አየቻቸው። ድምፃቸው አልተሰማትም፣ ጥርሳቸው ብቻ ነው የታያት፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር።

ውሃው ላይኛው ጥግ ሲደርስ ዝምታ መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። አባቷ ባትሪውን ተቀብሎ አንጋጠጠ። ስንት ክረምት ሙሉ ታች ታቹን ሲፈልግ የኖረው ቀዳዳ እዚያ ላይ ነበር፤ ውሃው ከላይ ገብቶ በጎሚኒው ውስጥ እየተንሸራተተ ኖሯል ታች ብቅ የሚለው። አባቷ ውሃውን አቁሚ ሊላት በሩን ገርበብ አድርጎት ስለነበር ምክትል ቀጥሎ የተባለውን በደንብ ሰማች።

«ጎሽ፣ ምክትሌ» አለ አባቷ። ለዝምታ።

አፉን አዳልጦት ይሆናል፤ ራሱም ልብ አላለውም። ምክትል ግን ቀናች፤ ሌላ ስም የለውም። ጄሶውም ሆስፒታሉም ከሐሳቧ ጠፍተው «ስሜን ሰጣት» የሚል ብቻ ቀረ።

ጎሚኒው ሳይደርቅ ሙጫ አይይዝም። አባቷ ለምክትል ደረቅ ጨርቅ ሰጥቶ ውስጥ ውስጡን እንድታደርቅ ነገራትና የማሸጊያውን ሙጫ ሊፈልግ ከዝምታ ጋር ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። ምክትል ገብታ ጋቢና ተቀመጠች። ወንበሩ ገና ይሞቃል። ላይኛው ጥግ፣ ጥቁሩ ጎሚኒ ላይ፣ ዝምታ ታች ካደረገቻቸው ሁለት ምልክቶች ሌላ ትንሽ ነጭ ምልክት አለ። ጨርቁን አሳለፈችበት፤ ጠፋ። ከዚያ ጠመኔውን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳችና አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ አድርጋ ሌላ ምልክት አደረገች።

ነገ ሲሞከር ውሃው ያንጠባጥባል። አባቷም የዝምታ ዓይን ለዚህ ሥራ እንደማይሆን ያያል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል ብላ አሰበች።

ሙጫው የቀረው ግማሽ ቱቦ ስለነበር አባቷ ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ ነው ያደረገው። የጎሚኒውን ከንፈር በእንጨት ገለጥ እያደረገ፣ የቱቦውን አፍ እያስገባ በቀስታ ጨመቀው። ዝምታ ከውስጥ ሆና ምልክቶቹን ስታሳየው ላይኛው ጥግ ላይ ሲደርሱ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እሱንም በጣቷ አሳየችው። አባቷ ሲጨርስ ቱቦውን ይዞ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ምክትል ጨርቁን ልትወስድ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ዝምታ ጋቢና ተቀምጣ አንድ ትልቅ ላስቲክ በመቀስ ስትቆርጥ አገኘቻት። የቆረጠችውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትለካለች።

«ምንድነው እሱ?»

«ለእማዬ ጄሶ ነው። ማልበሻ።»

«አባዬ አሽጎት የለ እንዴ? አታካብጂ።»

ዝምታ ላስቲኩን አጠፈችው። «እኔ ክብ ነበር ያደረግኩት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ምክትል ወደ ጥጉ አንጋጠጠች። እዚያ ያለው መስቀለኛ ነው። ታች ያሉት ሁለቱ ምልክቶች ክብ ናቸው። መስቀለኛ ማድረግን አባቷ በሰባት ዓመቷ ነበር ያስተማራት፤ እጇ ሳያማክራት የለመደውን አድርጓል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቤቱ የእናንተ ነው» አለች ዝምታ። ከዚያ ጨመረች፣ «ጋሼ ደሞ ሁሌ ስላንቺ ነው የሚያወራኝ። ቅድም ያሳቀን እኮ ትንሽ እያለሽ ሙጫ ፀጉርሽ ላይ ደፍተሽ ተላጨሽ ያለኝ ነው።»

በዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ የነበረችው እሷው ራሷ ናት። ላስቲኩን አየችው፤ ጠርዙ በጥንቃቄ ተቆርጧል፣ ጉልበት ላይ እንዳይንሸራተት ማሰሪያም ተበጅቶለታል። ዝምታ ማንንም ሳትከስ፣ ሰኞ እናቷን ከምክትል ቅናት ልትከልልበት ያዘጋጀችው ነው።

ምክትል መስቀለኛውን ምልክት በአውራ ጣቷ ጠረገችውና ጠመኔውን ለዝምታ አቀበለቻት።

«መልሺው» አለቻት። «የነበረበት ቦታ።»

ከመኪናዋ ወረደች። አባቷ ቧንቧው ጋ የቱቦውን ክዳን እየፈለገ ነበር።

«አባዬ፣ እንዳትከድነው» አለች ከሩቅ።

ቀና አለ። «ምን ሆንሽ፣ ምክትሌ?»

ያ ስም እንደዚያን ዕለት ከብዷት አያውቅም። ቢሆንም አልቆመችም፤ ወደ እሱ ሄደች።