የሱቁ ምላስ

«አዲስ የገባ ነው በያቸው» አለ አባቷ ዓባይነህ፣ የሕፃናት ዱቄት ወተቱን ጣሳ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ።

ውባለም ዓይኗ ጣሳው ላይ ቀረ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ቁጭ ብሎ፣ ጥጥ በእሷው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እየነከረ ከጣሳዎቹ ሥር የተጻፈውን ቀን ሲጠርግ አይታዋለች። «አቧራ ነው» ነበር ያላት።

ከባንኮኒው ማዶ የቆሙት እትዬ ሰርክአዲስ ናቸው። በየገበያው ቀን ከጥርባ በኩል ወደ እንጅባራ ይመጣሉ። አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። አባቷም እዚህ ሃያ ዓመት ነግዶ ከሰላምታ ያለፈ አዊኛ አያውቅም። በእናቷ ቋንቋ አፏን የፈታችው ውባለም ናት መሃል ገብታ የምታግባባቸው።

አምስት ዓመቷ ሳለ አባቷ የሳሙና ካርቶን ላይ ያቆማት ነበር። በዚያች ትንሽ አፏ ገበያተኛውን በአዊኛ ስትጠራ ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ጉንጯን ይስሟታል። እትዬ ሰርክአዲስ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ግብጦ መዳፏ ላይ ያፈሱላታል። «የሱቄ ምላስ!» ይላል አባቷ። እሷም ደስ ይላት ነበር። ለምን እዚያ ላይ እንደምትቆም ጠይቃ አታውቅም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ገበያ ነው እኮ!» አለ አባቷ ፈገግታውን ሳያጠፋ።

እትዬ ሰርክአዲስ በአዊኛ ጠየቋት፤ «እንዳለፈው ነው ይኼም? የልጄ ጡት ደርቆ ሕፃኑ የሚያድረው በዚህ ነው።»

«አይውሰዱት፣ እትዬ» አለች ውባለም በአዊኛ። «ጊዜው አልፏል። ቀኑን አባቴ ነው ያጠፋው።»

እጃቸውን ከጣሳው ላይ አነሱ።

«ያለፈው ገበያ የሰጠሽኝስ?»

ያለፈው ገበያ «ጥሩ ነው» ብላ በአፏ የሸጠችላቸው እሷ ናት። ያኔ አላወቀችም ነበር፤ ግን ይህን ለማለት አፈረች።

«እሱም ከዚሁ ካርቶን ነው።»

«ለካ ሕፃኑ ሲያስመልሰው የሰነበተው...» አሉና አልጨረሱትም። አባቷን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ያዩት እሷን ነው። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳይሰናበቷት ወጡ።

«ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን።»

ዓባይነህ ፊቱ ጠቆረ። «በዚህ ሱቅ ነው ያደግሽው! ዩኒፎርምሽ፣ ደብተርሽ፣ የበላሽው ሁሉ!»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ከባንኮኒው ሥር ሾልካ ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«ያለፈው ገበያ የሸጥኩላቸውን ጣሳ ላመጣ።»

ሊጮህባት አፉን ሲከፍት አንድ ገበያተኛ ገባ። የአባቷ ፊት ወዲያው ፈካ።

ውጭ፣ እትዬ ሰርክአዲስ የባጃጆቹን መቆሚያ አልፈዋል። ስማቸውን ጠራች። አልዞሩም። ደግማ አልጠራቻቸውም፤ ራቅ ብላ ከኋላቸው የጥርባን መንገድ ያዘች።