ጉም ውስጥ ያየሁት እጅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ «እንቅልፍ አጥተህ ይሆናል» ብዬ የማልፍ ሴት ነበርኩ፣ ይሄንንም የምነግራችሁ እናንተ ስለሆናችሁ ብቻ ነው።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፣ ሲግናል አካባቢ ባለችው ቤተክርስቲያናችን ሰባኪው በኦሮምኛ ይናገራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፣ ቃሉ ከአፍ ሳይወጣ እጅ ቀድሞ ይነሳል፣ ጠንከር ያለው ቃል ላይ ሲደርስ ይወርዳል፣ ስለዚህ ዓይኔ ከሰባኪው አፍ ይልቅ እጁ ላይ ነው።

የአባዬ እጅ ግን ከሁሉም ይለያል። የድሮ ገበሬ ነው፣ ሲናገር ቀኝ እጁን ዘር እንደሚበትን ሰው ይዘረጋና ጉልበቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ነገሩን ይዘጋ ነበር። አምና ስትሮክ መታው፣ አንደበቱም ቀኝ እጁም ተያዙ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። አሥር ሰዓት ገደማ ባህር ዛፉ መሀል ስገባ ጉሙ ወረደ፣ እመኑኝ፣ የዛፎቹ ጫፍ ጠፍቶ ግንዳቸው ብቻ ቀረ፣ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ራቅ ብሎ ጋቢ የለበሰ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን ያወናጭፋል፣ ድምፅ ግን የለም። «ስልክ እያወራ ይሆናል» አልኩ ለራሴ። ወዲያው እጁ ተዘረጋ፣ ጉልበቱንም ሁለት ጊዜ መታ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አፌ ተከፈተ። ሥራ ላይ እንዳለሁ ሁሉ እጁ ሲነሳ ትንፋሼን እስባለሁ፣ ሲወርድ ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ «ገመቹን… ተቆጥቼ… አባረርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ጥሩልኝ።»

ገመቹ ወንድሜ ነው፣ ከአባዬ ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ሦስት ዓመቱ፣ ስሙ እንኳ ቤታችን አይነሳም ነበር።

ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ መዳፉ ተከፈተ፣ እኔም «አንቺ ግን…» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስፈራኝ፣ ዞሬ ቁልቁል ሮጥኩ፣ ቀበና እስክደርስ አልቆምኩም።

ቤት ስደርስ እህቴ ሌንሳ በር ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«የት ነበርሽ? አባዬ እኮ እጁን አነሳ!»

«የትኛውን?»

«ቀኙን! አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ፣ ልክ እንደ ድሮው ሲያወራ… ድምፅ ግን የለውም።»

«ብዙ ቆየ?»

«ኧረ ብዙ! መጀመሪያ ትንሽ አወራ፣ ከዚያ መዳፉን ዘረጋ፣ ረጅሙን ያወራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አንድም አልገባኝም።»

ለገመቹ ያኔውኑ ደወልኩለት። በማግስቱ መጣ፣ የአባዬን ጉልበት ስሞ አለቀሰ፣ አባዬም አለቀሰ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን» አለ። ቀኝ እጁ ግን ዳግመኛ አልተንቀሳቀሰም።

ጉም በወረደ ቁጥር ወደዚያ ድንጋይ እወጣለሁ፣ ማንም የለም። ቤት ስመለስ አባዬ ዓይኑን ከአፌ ላይ አይነቅልም፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ከ«አንቺ ግን…» በኋላ ምን እንደጠየቀኝ አላውቅም።